ጦር ውርወራ የጉልበት ነው፤ ግን የትኛው ጉልበት?

የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጦር ውርወራ የሚደርሰን በሩጫ መሀል ተቆንጥሮ ነው። አንዲት አትሌት ትንደረደራለች፣ ትወረውራለች፣ ትጮኻለች፤ ጦሩ ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ቁጥር ብቅ ይላል፣ ካሜራው ወደ መሙ ይመለሳል። ዳኛው ቀዩን ባንዲራ ለምን እንዳነሳ፣ መሪዋ ለምን ገና ፊቷ እንዳልፈታ የሚነግረን የለም። ክፍተቱን በግምት እንሞላዋለን፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይስታል። በሴቶቹ ውድድር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ጦር ውርወራ የጉልበት ስፖርት ነው»

ልክ ነው፤ ግን የተባለው ጉልበት ሌላ ነው። ይህን የሚል ሰው የሚያስበው የክንድ ብርታትን ነው። ውድድሩን የሚወስነው ግን እግር መሀል ያለው ጉልበት ነው።

የሴቶች ጦር 600 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር ነው። እጅ ላይ ሲያዝ ግማሽ ሊትር ውኃ ከያዘ ጠርሙስ ብዙም አይከብድም። ይህን ለማንሳት የክብደት አንሺ ክንድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። ከምርጦቹ ሴቶች እጅ ጦሩ የሚወጣው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። የአየሩን ነገር ለጊዜው ብንተወው፣ ርቀት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ስለሆነ ፍጥነቷን አንድ አሥረኛ ብቻ የጨመረች አትሌት ርቀቷን አንድ አምስተኛ ያህል ታሳድጋለች።

ያ ፍጥነት ከየት ይመጣል? በቀኝ እጇ የምትወረውር አትሌት የመጨረሻ እርምጃዎቿ በዝግታ ሲደገሙ ተመልከቱ። ፊት ለፊት ስትሮጥ ቆይታ በጎኗ ትዞራለች፤ ጦሩን ወደ ኋላ ዘርግታ እግሮቿን እያጠላለፈች ትቀጥላለች። ቀኝ እግሯ መሬት ሲነካ ግራው ቀድሞ ወደ ፊት ተወርውሯል። ተረከዙ ያርፋል፣ ጉልበቱ እንደተዘረጋ ይቀራል፣ እግሩ እንደ ካስማ ይተከላል። ከታች ያለው አካል በድንገት ሲቆም ከላይ ያለው ይቀጥላል፦ ዳሌ ለደረት፣ ደረት ለትከሻ፣ ትከሻ ለክርን፣ ክርን ለእጅ ፍጥነቱን እያቀበለ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ነው፤ ጩኸቱን የሚያመጣው ግን እጀታው በትክክለኛው ቅጽበት መቆሙ ነው። ያ ግራ ጉልበት ትንሽ ከታጠፈ በሩጫው የተጠራቀመው ሁሉ ወደ መሬት ይፈሳል፤ የቱንም ያህል ጠንካራ ክንድ አይመልሰውም።

የአትሌቶቹ የኋላ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ2023 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው ጃፓናዊቷ ሃሩካ ኪታጉቺ በልጅነቷ ዋናተኛና የባድሚንተን ተጫዋች ነበረች። በሪዮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ የወሰደችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ሱኔት ቪልዮን ደግሞ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን ክሪኬት ተጫውታለች። ሁለቱም የመጡት ትከሻ ልቅ ሆኖ እንዲወነጨፍ ከሚያስተምሩ ስፖርቶች ነው።

«በ45 ዲግሪ የተወረወረ ሩቅ ይሄዳል»

ይህ ከፊዚክስ ክፍል የቀረ ነው። ስሌቱ የሚሠራው አየር በሌለበት፣ ከመሬት ወለል ለተወረወረ ነገር ነው። ጦሩ ግን የሚለቀቀው ከራስ በላይ ነው፤ በአየር ላይም እንደ ክንፍ ትንሽ ይደገፋል። ከሁሉ በላይ የሰው አካል ወደ ላይ ሲወረውር ወደ ፊት ሲወረውር የሚያገኘውን ያህል ፍጥነት አያገኝም። ስለዚህ ጥሩ ውርወራዎች በአብዛኛው በ30ዎቹ ዲግሪዎች ውስጥ ናቸው። የበረራው አቅጣጫ ብቻም አይበቃም፤ ዘንጉ ራሱ በዚያው አቅጣጫ ካልተስተካከለና አፍንጫው ወደ ላይ ካንጋጠጠ አየሩ ይይዘዋል። ጎበዝ አሠልጣኝ «በጫፉ በኩል ወርውሪ» የሚለው ይህን ነው።

«ጦሩ ካልተሰካ አይቆጠርም»

መሰካት ግዴታ አይደለም። ደንቡ የሚጠይቀው የብረቱ ጫፍ ከሌላው የጦሩ አካል ቀድሞ መሬት እንዲነካ ነው። ጫፉ ነክቶ ዘንጉ ቢንሸራተት ነጭ ባንዲራ ይነሳል፤ ጭራው ከቀደመ ግን ቀይ ነው። የሚለካውም ጫፉ መጀመሪያ ከነካበት ነጥብ በመንደርደሪያው መጨረሻ እስካለው ቅስት መስመር ውስጠኛ ጠርዝ ነው፤ ተንሸራትቶ የተጨመረ ርቀት የለም።

የማረፊያ ክልሉም የራሱ ብልሃት አለው። ሁለቱ ነጭ መስመሮች የሚከፈቱት በ28.96 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፦ መስመሮቹ ከሚነሱበት ነጥብ 20 ሜትር ሲርቁ በመካከላቸው ያለው ስፋት ልክ 10 ሜትር ይሆናል፣ 40 ሲርቁ 20። በሜትር ገመድ ብቻ ሊሰመር ይችላል ማለት ነው።

ጦሩ ከእጅ ከወጣ በኋላስ? አትሌቷ ቅስት መስመሩን ከረገጠች ውርወራው ይሰረዛል። ወደ ፊት በምትበርበት ፍጥነት ላይ ሆና ሁለት ሜትር ገደማ ውስጥ ራሷን ማቆም አለባት፤ ከመስመሩ በጣም ርቃ ከወረወረች ደግሞ ያን ርቀት ለራሷ አጎደለች።

«ድሮ 80 ሜትር ይወረወር ነበር፤ የዛሬዎቹ ደክመዋል»

ይህኛው በጣም ያናድደኛል፤ ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ድምዳሜው ስህተት ስለሆነ።

ፔትራ ፌልከ የተባለችው የምሥራቅ ጀርመን አትሌት መስከረም 9 ቀን 1988 ፖትስዳም ላይ ልክ 80.00 ሜትር ወርውራለች። የዛሬው የዓለም ክብረ ወሰን ደግሞ 72.28 ሜትር ነው፤ ቼካዊቷ ባርቦራ ሽፖታኮቫ በ2008 ሽቱትጋርት ላይ ያስመዘገበችው። በመካከላቸው ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። የተቀየረው ግን ጦሩ ነው።

ታሪኩ የጀመረው በወንዶቹ በኩል ነው። በ1984 ኡቬ ሆን ምሥራቅ በርሊን ላይ 104.80 ሜትር ወረወረ። ስታዲየሙ ሊጠብ ነበር፤ በዚያ ላይ አሮጌው ጦር እየተንሳፈፈ ጠፍጣፋ ስለሚያርፍ ዳኞች የትኛው አካል ቀድሞ እንደነካ ይከራከሩ ነበር። ስለዚህ በ1986 የወንዶቹ ጦር የክብደት ማዕከል ወደ ፊት እንዲገፋ ተደረገ፤ አፍንጫው ቶሎ ይደፋል፣ ጫፉ ቀድሞ ይወጋል፣ ርቀቱም ያጥራል። ለሴቶቹ ተመሳሳይ ለውጥ የመጣው በ1999 ነው፤ ክብረ ወሰኑም ያኔ እንደ አዲስ መቆጠር ጀመረ።

ስለዚህ እንግሊዛዊቷ ፋጢማ ዊትብሬድ በ1987 ሮም ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችበት 76.64 ሜትርና ኩባዊቷ ኦስሌይዲስ ሜኔንዴዝ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ የወረወረችው 71.70 ሜትር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የኋለኛው በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከወንዶቹ ጋር ማነጻጸሩማ የባሰ ነው፤ የእነሱ ጦር 800 ግራም ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከአጭር ርቀት ሩጫና ከርዝመት ዝላይ በተለየ በውርወራ ክብረ ወሰን ላይ የንፋስ ገደብ የለም። አትሌቷ ከመንደርደሯ በፊት ቀና ብላ የስታዲየሙን ባንዲራዎች የምታየው ያለ ምክንያት አይደለም።

«በማጣሪያው ያንጸባረቀች ወርቁን ትወስዳለች»

የማጣሪያው ውጤት ወደ ፍጻሜው አይሻገርም። ይህን ከፖላንዷ ማሪያ አንድሬይቺክ በላይ የቀመሰው ያለ አይመስለኝም። በ2016 ሪዮ ላይ በማጣሪያው 67.11 ሜትር ወረወረች። በፍጻሜው ክሮኤሺያዊቷ ሳራ ኮላክ ወርቁን የወሰደችው በ66.18 ሜትር ነው። አንድሬይቺክ በዚያ ቀን ያገኘችው 64.78 ነበር፤ ነሐሱ በ64.80 ሄደ። ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ የጣት ውፍረት ያህል። ከአምስት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ሴንቲ ሜትሩ ወደ እሷ አዘነበለ፤ አውስትራሊያዊቷን ኬልሲ ሊ ባርበርን በአምስት ሴንቲ ሜትር ቀድማ ብሩን ወሰደች።

«እስከ አምስተኛው ሙከራ የመራች አሸንፋለች»

ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1983 ሄልሲንኪ፣ ዊትብሬድ ከመጀመሪያው ሙከራዋ ጀምሮ በ69.14 ሜትር መራች። የቀረችው የአገሬው ልጅ ቲና ሊላክ ነበረች፤ አንድ ውርወራ፣ ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ቀርቷታል። 70.82 ሜትር። ጦሩ እንዳረፈ ልጅቷ ሩጫውን ለቀቀችው፤ ስታዲየሙም አብሯት ተነሳ። በዚያ ሻምፒዮና ፊንላንድ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ ያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ተደጋግሟል። በ2008 ቤጂንግ ሽፖታኮቫ፣ በ2015 ቤጂንግ ካትሪና ሞሊቶር፣ በ2023 ቡዳፔስት ኪታጉቺ በመጨረሻ ሙከራቸው አሸንፈዋል። በ2019 ዶሃ ላይ ባርበር ለመጨረሻው ውርወራ ስትቆም አራተኛ ነበረች፤ 66.56 ሜትር ብላ አንደኛ ሆና ወጣች።

ተቃራኒውም አለ። ስቴፊ ኔሪዩስ በ2009 በርሊን ላይ በመጀመሪያ ሙከራዋ 67.30 ሜትር ወርውራ ማንም አልደረሰባትም፤ ዕድሜዋ 37 ነበር። «የወጣቶች ስፖርት ነው» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ላይ አለ።

«የአውሮፓውያን ነው»

ነበር ቢባል ያስኬዳል። በቡዳፔስት መድረክ ላይ የቆሙት ግን የጃፓን፣ የኮሎምቢያና የአውስትራሊያ ሴቶች ናቸው። በ2025 ቶኪዮ ላይ ወርቁን የወሰደችው ኢኳዶራዊቷ ሁሌይሲ አንጉሎ ነች።

«ሜዳሊያው የዚያ ምሽት ነው»

በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ማሪያ አባኩሞቫ ነበረች። ናሙናዋ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበትና ውጤቷ ተሰረዘ። ጀርመናዊቷ ክሪስቲና ኦበርግፎል ከነሐስ ወደ ብር ከፍ አለች፤ አራተኛ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ጎልዲ ሴየርስ ሦስተኛ ሆነች። ሴየርስ ነሐሱን አንገቷ ላይ ያጠለቀችው በ2019 ለንደን ስታዲየም ውስጥ ነው፤ ከውድድር ዓለም ከተሰናበተች በኋላ።