በዝግ ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ምንድን ነው?

አርቃቂዎቹ በር ዘግተው ይከራከራሉ። ማን ምን አለ፣ ማን ተቃወመ የሚለው ወደ ውጭ አይወጣም። ሕዝቡ የሚያየው ያለቀውን ጽሑፍ ብቻ ነው። በዝግ ማርቀቅ የሚባለው ይህ ነው።

ስመ ጥሩው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተካሄደው የአሜሪካኖች ጉባኤ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም፣ በዚያ ሙቀት፣ በር ላይ ዘብ ቆሞ፣ መስኮት ተዘግቶ ተሰበሰቡ። የድሬን ግንቦት የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እዚያ የተባለ ነገር እንዳይታተም ደንብ ወጣ። ከተወካዮቹ አንዱ የነበረው ማዲሰን በየዕለቱ የያዘው ማስታወሻ እንኳ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1840 ነው።

ለምን ተደበቁ? በአደባባይ የተናገሩትን መልሶ መዋጥ ከባድ ስለሆነ ነው። በዝግ ቤት ግን ትናንት “አይሆንም” ያለ ሰው ዛሬ “እሺ” ለማለት አያፍርም። ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ነው። ነገር ግን የዜጎች መብት ዝርዝር ይግባ የሚለውን ሐሳብ ሜሰን የተባለው ተወካይ እዚያው አንስቶት ውድቅ ተደርጎበታል። ጽሑፉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣና ግዛቶቹ ሲከራከሩበት ጩኸቱ በረታ። በ1791 መብቶቹን የዘረዘሩ አሥር ማሻሻያዎች ተጨመሩ። በዝግ የወደቀውን ሐሳብ ያስመለሰው የውጭው ሰው ነው።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን ሕገ መንግሥት ስታረቅቅ ሕዝቡን አስተያየት ጠየቀች። ከባድ ከባዱን ግን ፓርቲዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ነው የጨረሱት።

ነገሩ ለእኛ ለድሬዎች ሩቅ አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ጎረቤታችንን ሐረሪን ከፌዴሬሽኑ ክልሎች አንዱ አድርጎ በስም ይጠራል። ድሬዳዋ የሚል ስም ግን የትም የለም። ከተማችን የቆመችው በቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 104 ደግሞ የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝቡና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል። ስለ ድሬ አንድ መስመር እንኳ ቢጻፍ የሚመለከታቸው እኛ ነን፤ ከዚራ፣ ሳቢያን፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ ያለው ሰው።

አርቃቂዎች ለተወሰነ ጊዜ በር ቢዘጉ አልቃወምም። ግን ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ረቂቁም ገና ሊቀየር በሚችልበት ሰዓት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ወጥቶ በየቀበሌው ይነበብ።