ጸበል ዳር ተኝቶ ሰው ያጣው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአንድ ባልና ሚስት ሚዜ ነበርኩ። ስማቸውን አልጠራም። ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

ደሴ ነው የሚኖሩት። እሱ ሥራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ ማታ ተመልሶ ይወጣል። በተጋቡ በአራተኛው ዓመት እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ተነስቶ መስኮት ዳር ይቆማል። ወሬ ቀነሰ። ስልኩን ይደብቃል። እሷ ሴት ይዟል ብላ ጠረጠረች። ምን ታድርግ? ማንም ሚስት መጀመሪያ የምታስበው ይህንኑ ነው።

አንድ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሰዎች "ስለ እኔ ነው የሚያወሩት" ብሎ ሐረጎ ላይ ወረደ። በዚያ ጉም በእግሩ ደሴ ገባ። በማግስቱ እንጀራ አቀረበችለት። አልነካውም። "ምን ጨምረሽበት ነው?" አላት።

አልቅሳ የደወለችልኝ ያን ቀን ነው። አለመተኛቱን ችላዋለች፣ ዝምታውንም ችላዋለች። የገዛ እጇን መጠርጠሩ ግን ሰበራት።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ የምታነበው ወንድሜ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከጀመረ አንድ ነገር ያዙልኝ። እንጀራሽን የገፋው ፍቅሩ አልቆ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ሐኪሞች ሳይኮሲስ ይሉታል። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ያልተባለው እንደተባለ ሆኖ ይታየዋል። ለእኛ ቅዠት ነው፣ ለእሱ ግን እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በወጣትነት፣ ሰው ትዳር በሚይዝበትና ልጅ በሚወልድበት ዕድሜ ነው። ታማሚው ራሱ "አልታመምኩም" ማለቱም የበሽታው አንዱ መልክ ነው። ስለዚህ "እስቲ አስበው እንጂ!" እያሉ መሟገት ሁለቱንም ያደክማል። "አዎ፣ ጎረቤት እየሰለለህ ነው" ማለትም አይገባም። "እንደፈራህ ይታየኛል፤ አጠገብህ ነኝ" ማለት ይበቃል። እሷ ይህን ለመልመድ ወራት ፈጀባት።

ሰፈሩ ምርመራውን የጨረሰው ገና ዱሮ ነው። መተት ነው ያለ አለ። ቡዳ ነው፣ የእናቱ ወገን ዛር ነው ያለም አልጠፋም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ደቀ መዛሙርቱም ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠይቀው ነበር (ዮሐ. 9)። ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው። እኛ ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው።

ሆስፒታል ወሰደችው። ክኒን ታዘዘለት። ሦስት ሳምንት ሲሆነው መተኛት ጀመረ። ከዚያ ጸበል እንዲገባ ተወሰነ፤ ጥሩ ውሳኔ ነበር። እሷ ግን "ክኒኑንስ?" ብላ ጠየቀችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ አውቃለሁ ብላ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ጸበል ከገባ ክኒን ምን ያደርግለታል? እምነት ማጉደል ነው" አልኳት። ካህን አልጠየቅሁ፣ ሐኪም አልጠየቅሁ። ከአፌ ነው የወጣው።

ክኒኑን ተወው። ከሁለት ወር በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ተመለሰ። ሌሊት ጨርቁን ጥሎ ሊወጣ ሲል ጎረቤት ነው የያዘው።

ኋላ የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ሲራክን አላነበብክም?" አሉኝ። ምዕራፍ 38ን ማለታቸው ነው። ሐኪምን አክብር ይላል፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነውና ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። "ጸበሉን ይጠጣ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። ጾሙን በተመለከተ ግን እኔ እወስናለሁ፤ አንተ አትወስንም" አሉ። አፈርኩ። ማፈር ሲያንሰኝ ነው።

ክኒኑ ያደነዝዛል፣ አንዳንዱ ሰውነት ግትር ያደርጋል፣ አንዳንዱ ያወፍራል። እውነት ነው። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይራል። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ግን በሽታውን ይመልሰዋል። ለዚህ ምስክሩ እኔ ነኝ። ድሮ አዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል፣ አማኑኤል፣ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበር። ዛሬ ደሴ ላይም የአእምሮ ሕክምና አለ።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። ወንጌሉን በየዓመቱ እንሰማዋለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ከጸበሉ ሩቅ አልነበረም፤ ዳሩ ላይ ነው የተኛው። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው አዎ ወይም አይደለም አላለም። "ሰው የለኝም" አለ። ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ነው ያለው። ውኃው አለ፣ የፈውሱም ሰዓት ይመጣል፤ የጠፋው የሚያነሳው ሰው ነው።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ግን ሚዜ የሆንኩለት ሰው ቤት ተቀምጬ ነው።

የወሎን ቅሬ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይደርሳል። ለዚህ በሽታ ግን ድንኳን የለውም። እሷ ቤት ማንም አልመጣም፤ እኔንም ጨምሮ። ደጋግማ የመጣች አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ጀበናዋን ይዛ ትገባለች። "አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ ተኚ፤ እኔ አለሁ" ትላታለች። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ እሱ አጠገብ ተቀምጣ ታፈላለች። ስለ በሽታው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እሷ ስትኖር ይበላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የቅፍርናሆሙን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመውት እንደመጡ ማርቆስ ይነግረናል (ምዕ. 2)። ጌታ እምነታቸውን አይቶ ነው ይላል፤ የተሸካሚዎቹን ማለት ነው። ባሏ መጸለይ ሲያቅተው ሚስት ብቻዋን አራት ቦታ መያዝ አትችልም። ተራ እንያዝላት። አንዱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይሸኝ፣ አንዱ ገበያ ይሂድላት፣ አንዱ አንድ ሌሊት ያስተኛት። "መሞት ይሻለኛል" ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱን፣ ቢላውን፣ የተባይ መድኃኒቱን አርቁና በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። እጁን ካነሳባት ደግሞ ሌላ ቤት ትደር። ተክሊል ደፍታለችና ትችለው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ዘንድሮ መፃጉዕ ሰንበት ሦስታችንም መድኃኔዓለም ሄድን። ቅዳሴው መሀል ላይ ጨነቀው፤ ሰው በዛበት። እሷ ልትከተለው ስትል ያዝኳትና "አንቺ አስቀድሺ" አልኳት። እኔና እሱ ወጥተን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስለ ኳስ አወራን። ወንጌሉ ሲነበብ በድምፅ ማጉያው ይሰማን ነበር። "ሰው የለኝም" ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝና ነጠላዬን ጎተት አደረገው።