«ያ እኮ ቢ ቡድን ነው!»፦ ደሴ ላይ ስለ ብሔራዊ ሁለተኛ ቡድን የሚነገረውና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ዋልያዎቹ የሚከራከር ሰው ሲሸነፍ አንድ መውጫ አለው፦ «ያ እኮ ዋናው ቡድን አይደለም፣ ቢ ቡድን ነው»። ኮምቦልቻም ወልድያም ያው ነው። ችግሩ፣ አንዱ ቢ ሲል የቻንን (በገዛ ሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ውድድር) ቡድን ማለቱ ነው፣ ሌላው ከ23 ዓመት በታቹን፣ ሦስተኛው ደግሞ በወዳጅነት ጨዋታ የተሰለፉ ተቀያሪዎችን። ሦስቱ ፈጽሞ አይገናኙም። እዚህ ላይ በብዛት የሚሳቱትን አንድ በአንድ እናያለን። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የአቆጣጠሩ ነገር ራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ቢ ቡድን ማለት ተስፋ ቡድን ነው»

ይህ ከክለብ የመጣ ልማድ ነው። በክለቦቻችን ከዋናው ቡድን ቀጥሎ ያለው የወጣቶቹ ተስፋ ቡድን ስለሆነ፣ ሰው ብሔራዊ ቡድኑንም በዚያው ሚዛን ይለካዋል። በሀገር ደረጃ ግን ከ17፣ ከ20 እና ከ23 ዓመት በታች የሚባሉት ቡድኖች የሚለዩት በልደት ቀን ነው። የኦሊምፒክ ወንዶች እግር ኳስ ከ1992 ጀምሮ ከ23 ዓመት በታች ሆኗል፤ ከ1996 ወዲህ ደግሞ ከዕድሜው በላይ የሆኑ 3 ተጫዋቾች ይፈቀዳሉ። ቢ ቡድን የዕድሜ ገደብ የለውም። የ34 ዓመት ግብ ጠባቂም ሊሰለፍ ይችላል። አሰልጣኙ ለዋናው ቡድን ያልመረጣቸውን፣ ሊፈትናቸው የፈለገውን ወይም ከጉዳት የተመለሱትን ሰብስቦ የሚያጫውትበት ቡድን ነው።

እንግሊዝ በቢ ቡድን ስም የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገችው በ1947 ጄኔቫ ላይ ነበር፤ ከስዊዘርላንድ ሁለተኛ ቡድን ጋር 0ለ0 ወጣች። የመጨረሻው ግንቦት 2007 በርንሊ ከተማ ላይ ከአልባኒያ ጋር ሲሆን 3ለ1 አሸንፋለች። ከዚያ ወዲህ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክለቦች ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ ያለባቸው በዋናነት ለዋናው ቡድን በፊፋ የጨዋታ ቀናት ነው። ለቢ ጨዋታ ማንም ክለብ ተጫዋቹን አሳልፎ ለጉዳት አይሰጥም። አዲስ ልጅ የመፈተኑን ሥራ ደግሞ ከ21 ዓመት በታቹ ቡድን ወስዶታል።

«የቻን ቡድን ቢ ቡድን ነው፣ ጨዋታውም አይቆጠርም»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቻን በ2009 ኮትዲቯር ላይ በ8 ቡድኖች ተጀመረ፤ በ2011 16 ሆኑ፣ ከ«2022ቱ» ውድድር ወዲህ ደግሞ ከዚያም በልጠዋል። መስፈርቱ አንድ ነው፦ ተጫዋቹ በገዛ ሀገሩ ሊግ የሚጫወት መሆን አለበት። የሚታየው ብቃቱ ሳይሆን ቴሴራው (የክለብ ምዝገባ ካርዱ) ነው። በኢትዮጵያ ክለብ የሚጫወት ጋናዊ ግብ ጠባቂ ለጋና ቻን አይጫወትም፤ ለኢትዮጵያም አይጫወትም። ጎረቤት ሀገር ሄዶ የፈረመ ኢትዮጵያዊም ከቻን ውጭ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ብሎ የሚያዝንለት ሕግ የለም።

ለዚህ ከጌታነህ ከበደ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ። ጥር 2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቻን ስታልፍ ውድድሩ የተዘጋጀው የት ነበር? ደቡብ አፍሪካ። ቡድኑ እሱ ደመወዝ ወደሚበላበት ሀገር ሄዶ ሲጫወት እሱ ግን መሰለፍ አልቻለም። «ለምን አልመረጡትም?» እያለ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ሲወቅስ የነበረ ሰው ብዙ ነው። ሰውነት ቢፈልግም አይችልም ነበር።

ስለ መቆጠሩ፦ ከዚያው ከ2014ቱ ውድድር ጀምሮ ፊፋ የቻን ጨዋታዎችን የዋናው ቡድን ጨዋታ አድርጎ ለሀገራት ደረጃ ይይዛቸዋል። ስለዚህ «ቢ ነው» የሚለው ቃል በሰነድ አይደገፍም።

በእኛ ሀገር ደግሞ ክርክሩ ጭራሽ ትርጉም ያጣል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰውን የ2013ቱን ቡድን ተመልከቱ። ከ23ቱ ተጫዋቾች ከውጭ ክለብ የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ሳላዲን ሰይድ ከግብጽ፣ ፉአድ ኢብራሂም ከአሜሪካ፣ ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድን። የቀሩት 20ዎቹ የሀገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ናቸው። ዋናው ቡድን እና የቻን ቡድን በሦስት ሰው ከተለያዩ ዋናው የቱ ነው፣ ሁለተኛው የቱ? ለሴኔጋል ወይም ለካሜሩን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ከሚመርጧቸው አብዛኞቹ አውሮፓ ስለሚጫወቱ፣ የቻን ቡድናቸው እውነትም ሌላ ቡድን ነው። ውጤቱን ስናነጻጽር ይህን መርሳት የለብንም፤ እኛ ወደ ቻን የምንሄደው ባለን ምርጥ ቡድን ነው፣ እነሱ በተረፋቸው። ወቀሳው ከመጣ ከዚህ ቢመጣ ይሻላል።

«ቢ ውስጥ የሚገባው የማይረባው ነው»

ማይክል ኦወን ለእንግሊዝ ዋና ቡድን በአጠቃላይ 89 ጨዋታ አድርጎ 40 ጎል ያገባ አጥቂ ነው። ከላይ በጠቀስነው በ2007ቱ የአልባኒያ የቢ ጨዋታ ተሰልፏል፤ ከረጅም ጉዳት ተመልሶ ደቂቃ ስለሚያስፈልገው።

አዩብ ኤል ካቢ ደግሞ በ2018ቱ የሞሮኮ ቻን 9 ጎል አገባ፣ በዚያው ዓመት ሩሲያ ለዓለም ዋንጫ ሄደ።

ከሁሉም የምትጣፍጠው ግን የሩዋንዳ ታሪክ ናት። በ1999 ኪጋሊ ላይ በተደረገው የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሀገራት) ዋንጫ አዘጋጇ ሁለት ቡድን አስገባች። ዋንጫውን ያነሳው ቢው ነው። ኬንያን በፍጻሜው 3ለ1 አሸነፈ፤ ዋናው ቡድን ሦስተኛ ወጣ። ለአሰልጣኙ ምን ዓይነት ሌሊት እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

«አሰልጣኙ 11 ሰው ከቀየረ ጨዋታው የቢ ይሆናል»

አይሆንም። ጨዋታው በየትኛው ቡድን ስም እንደተመዘገበ ነው የሚታየው። የካቲት 2003 ላይ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ከአውስትራሊያ ጋር በነበረ የወዳጅነት ጨዋታ በእረፍት ሰዓት 11ዱንም ቀየረ፤ እንግሊዝ 3ለ1 ተሸነፈች። ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ በዋናው ቡድን መዝገብ ላይ አለ። ነገሩ ፌዝ ስለመሰለ በ2004 ለዋና ቡድኖች የወዳጅነት ጨዋታ የቅያሬው ቁጥር በ6 ተገደበ።

«ኢትዮጵያ ቻንን አንድ ጊዜ ወስዳለች»

አልወሰደችም። የዚህ ምንጩ ሁለት ነገር ይመስለናል፤ አንዱ ዋንጫ ከዋንጫ መደባለቅ፣ ሌላው አቆጣጠር።

ኢትዮጵያ ያነሳችው የአፍሪካ ዋንጫን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት፣ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ የዛሬዋን ግብጽ በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፋ። ዘመኑ ጥር 1954 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆች 1962። አንዱ «በ54» ሲል ሌላው «በ62» እያለ ሁለት ዋንጫ ያደረጉት ሽማግሌዎች አሉ።

በቻን ላይ ይባሱኑ ሦስት ቁጥር ይመጣል። «የ2022 ቻን» የሚባለው የተካሄደው በ2023 ነው፤ በእኛ ጥር 2015 ዓ.ም.። «የ2020 ቻን» በኮቪድ ምክንያት ተገፍቶ በ2021፣ በእኛ ጥር 2013 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ተደረገ፤ እሱን መጀመሪያ ልታዘጋጅ የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። «የ2024 ቻን» ደግሞ በ2025 ነሐሴ፣ በእኛ 2017 ዓ.ም. ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ላይ ሆነ፤ ሞሮኮ ማዳጋስካርን 3ለ2 አሸንፋ ሦስተኛ ዋንጫዋን ወሰደች። ስለዚህ አንድ ሰው «በ2015 ቻን ላይ» ሲል መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት።

የኢትዮጵያ እውነተኛ መዝገብ ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ በሊቢያ 2ለ0፣ በኮንጎ 1ለ0፣ በጋና 1ለ0 ተሸነፈች። ሩዋንዳ ላይ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ 3ለ0 ተሸንፋ፣ ከካሜሩን 0ለ0 ወጥታ፣ በአንጎላ 2ለ1 ተረታች። አልጄሪያ ላይ፣ ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ከሞዛምቢክ 0ለ0፣ በአልጄሪያ 1ለ0፣ በሊቢያ 3ለ1። ሲደመር 9 ጨዋታ፣ 2 አቻ፣ 7 ሽንፈት፣ 2 ጎል አግብታ 13 ገባባት። አንድም ድል የለም። ያም ሆኖ ከዘጠኙ አራቱን የተሸነፈችው በአንድ ጎል ብቻ ነው፤ በሁለት ውድድሮች ጎል ሳይቆጠርባት የወጣችባቸው ጨዋታዎችም አሉ። የሚያሳዝነው የፊት መስመሩ ነው፤ 9 ጨዋታ 810 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ሁሉ 2 ጎል።

«ለቢ ቡድን አንዴ ከተጫወተ ሀገር መቀየር አይችልም»

ስዊድን ወይም አሜሪካ ዘመድ ያለው ወሎዬ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ተጫዋችን ከአንድ ሀገር ጋር የሚያስረው ኦፊሴላዊ የውድድር ጨዋታ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ አያስርም፤ የቢ ጨዋታዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የወዳጅነት ናቸው። ቻን ግን ማጣሪያና ምድብ ያለው ውድድር ስለሆነ ከዚህ ጋር አይደመርም። ከመስከረም 2020 ወዲህ ደንቡ ላላ ብሏል፦ ለአንድ ሀገር ዋና ቡድን ከ3 ያልበለጠ ጨዋታ ያደረገ፣ እነዚያንም 21 ዓመት ሳይሞላው የተጫወተ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ 3 ዓመት ያለፈው፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ ፍጻሜ ውድድር ያልተሰለፈ ከሆነ አንድ ጊዜ መቀየር ይችላል።

ለእኛ ልጆች እውነተኛው መሰናክል ሌላ ቦታ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው፤ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ የሚሰጠው መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ፓስፖርት አይተካም። ይሄኛው ቢጫ ካርድ ሀገር ገብቶ ለመኖርና ለመሥራት ያገለግላል፣ ሜዳ አያስገባም። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ፓስፖርቱን ነው፣ ቀጥሎ እስከ ዛሬ በየትኛው ዕድሜ ለማን በምን ውድድር እንደተሰለፈ። የቢ ማሊያ መልበስ አለመልበሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

«ወልድያ ስታዲየም እያለ ብሔራዊ ቡድኑ ለምን ስደት ይጫወታል?»

ይህ ጥያቄ እንጂ ስህተት አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ፤ ግን ከጀርባው አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ፦ ወንበር ከበዛ ይበቃል የሚል። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም 25,155 ሰው ይይዛል። ለካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ማጣሪያ ግን የመቀመጫ ቁጥር ከብዙ መስፈርቶች አንዱ ብቻ ነው። የሜዳው ሣርና ልክ፣ የመብራቱ ኃይል፣ የሁለቱ ቡድኖችና የዳኞች መልበሻ ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል፣ ሕክምና፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የመግቢያና የመውጫ በሮች ሁሉ ይታያሉ፤ አንዱ ከጎደለ ፈቃድ የለም። ከወልድያው የሚበልጠው የባሕር ዳር ስታዲየም እንኳ በዚሁ ምክንያት ታግዶ ነበር። በ2022 ዋልያዎቹ ግብጽን 2ለ0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ሆነው ነው፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በዚያው ዓመት የቻን ማጣሪያውንም እንደ ባለሜዳ ዳሬሰላም ተጫውተዋል።

ሁለት ፌዴሬሽኖች ተስማምተው የሚያደርጉት የቢ የወዳጅነት ጨዋታ የካፍ ማጣሪያ ስላልሆነ በዚያ የፈቃድ ዝርዝር አይታሰርም። ወልድያ ላይ የውጭ ብሔራዊ ቡድን ማየት የሚፈልግ ሰው ለዋናው ቡድን ማጣሪያ ከመጮህ ይልቅ ይህኛውን ቢጠይቅ የቀረበ ነው፤ ለጥሪ ሊታይ የሚገባው የሀገር ውስጥ ሊግ ተጫዋች ደቂቃ ያገኛል፣ ውጤቱም የሀገሪቱን ደረጃ አይነካም።