ሉክስ ምንድን ነው? ሥዕል ለሚሰቀልበት ቤት የብርሃን ልክ

ሉክስ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው፤ አንድ ሉመን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ አንድ ሉክስ ይባላል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ የተጻፈው ሉመን ከአምፖሉ የሚወጣውን ይናገራል። ሥዕሉን የሚጎዳው ግን ግድግዳው ላይ የደረሰው ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በአንድ ሜትር 400 ሉክስ የሚሰጥ አምፖል በሁለት ሜትር 100 ብቻ ይሰጣል።

ሙዚየሞች ለውሃ ቀለም፣ ለፎቶግራፍ፣ ለጥልፍና ለብራና ሥዕል 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለምና ለአክሪሊክ ሸራ እስከ 200 ሉክስ ይፈቅዳሉ። ቀለም ያልተቀባ ድንጋይ፣ ብረትና ሸክላ ብርሃን አያደበዝዛቸውም፤ መስኮት አጠገብ ያለው ቦታ የእነሱ ይሁን።

ዋናው ነገር ጉዳቱ የሚደመር መሆኑ ነው። 50 ሉክስ በቀን ለ8 ሰዓት ቢበራ በዓመት 146,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። ቀጥታ የሚያርፍ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ተኩል የፀሐይ ጮራ ያረፈበት የብራና ሥዕል የዓመት ድርሻውን ጨረሰ ማለት ነው፤ የደበዘዘው ቀለም ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቢያርፍም አይመለስም።

ስለዚህ ከሶፋው በፊት ፀሐይዋ ትጠና። በአውሮፓ ሰሜን የሚያይ መስኮት ለሥዕል የታመነ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ድግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ያም ሆኖ ከአናት ስለምትወርድ አጭር የጣሪያ ክፈፍ ይመልሳታል። የሚያስፈራው የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ነው፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ አያግዳትም፣ ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ትመታለች። ግድግዳውን በታኅሣሥና በሰኔ አንድ አንድ ቀን፣ በየሁለት ሰዓቱ ፎቶ ያንሱት፤ ጮራው የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ፊልም አልትራቫዮሌቱን ይቀንሳል እንጂ የሚታየውም ብርሃን ስለሚያደበዝዝ መጋረጃውን አይተካም።

ማታ የሚያበራው ኤልኢዲ ይሁን፤ የብርሃኑ ቀለም 2700 እስከ 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ)፣ ሲአርአዩ፣ ማለትም ቀለምን በትክክል የማሳየት ልኩ፣ ከ100 ከ90 ያላነሰ። ሲአርአዩ ከዚያ በታች ከሆነ ቀዩ ቀለም ወደ ቡኒ ያደላል። ስፖት ላይቱ ከቁልቁል መስመር 30 ድግሪ ያዘንብል። ኮርኒሱ 2.80 ሜትር፣ የሥዕሉ መሃል 1.50 ሜትር ላይ ከሆነ ከግድግዳው 75 ሳንቲ ሜትር ይራቅ ማለት ነው። ፍሬሙ ወፍራም ከሆነ ወደ 90 ያውጡት፣ አለበለዚያ ጥላው የሥዕሉን አናት ይበላል። መስታወት ላለው ሥዕል ግን ከዚህ በላይ ማራቅ ነጸብራቁን ተመልካቹ ዓይን ላይ ይጥላል። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ) ከገባ አምፖሉም ዲመር የሚቀበል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ይርገበገባል።

50 ሉክስ ጨለማ የሚመስለው ሳሎኑ ከሥዕሉ ይልቅ ሲደምቅ ነው። የመሃሉን መብራት ዝቅ ያድርጉት፤ ዓይን በጥቂት ደቂቃ ይለምዳል።

ለመለካት ቀላል የሉክስ ሜትር ይበቃል፤ የስልክ መተግበሪያ ግምት ብቻ ይሰጣል። ብርሃን መቀበያው ወደ ክፍሉ እያየ መሣሪያውን ከሥዕሉ ፊት፣ ሳያስነኩ፣ በአራቱ ማዕዘንና በመሃል ይያዙት። ላይኛው ጫፍ የታችኛውን እጥፍ ካሳየ መብራቱ ለግድግዳው ቀርቧል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያውጡትና እንደገና ይለኩ።