የመበለቶቹ ምስክርነት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቻችን «ያለፈው ዘመን ታላላቅ በጎ አድራጊዎች እነማን ናቸው?» የሚል መርሐ ግብር አዘጋጅተው ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል። የቀይ መስቀልን ሐሳብ ያፈለቀው ሄንሪ ዱናን ተነሣ። ማዘር ተሬዛ ተነሣች። የእኛዋ እዳዬ አበበች ጎበናም ተነሡ። ትንሽ ቆይቶ ክርክሩ ከረረ። «ዱናን እኮ በ1901 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስዷል!» «ተሬዛስ በ1979 አልወሰደችም?» በመጨረሻ እጅ ወጥቶ ተቆጠረ፣ ያሸነፉት አጨበጨቡ። እኔ ልቤ አዘነ።

ማታ ሳስበው ጣቢታ፣ ዶርቃም የምትባለው፣ መጣችብኝ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችው፣ የኢዮጴዋ ደቀ መዝሙር። ይህችን ሴት በጣም ነው የምወዳት። የተናገረችው አንድም ቃል አልተጻፈም። ልብስ ሰፋች፣ ታመመች፣ ሞተች። ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ግን ምን አገኘ? «መበለቶችም ሁሉ እያለቀሱ ዶርቃ ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገቻቸውን ቀሚሶችንና ልብሶችን ሁሉ እያሳዩት በፊቱ ቆሙ።» እስቲ እዩት። አንዷ የቀሚሷን ጠርዝ ይዛ «ይኸው፣ ይቺን የሰፋችልኝ እሷ ናት» ስትል ይታያችሁ። ስንት ቀሚስ እንደሰፋች ሉቃስ አልጻፈም። የመሰከሩላት የለበሱት ናቸው።

እዳዬንም የማያቸው እንዲሁ ነው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄዱ። ወሎ ተርቦ ነበር። መንገድ ላይ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። ሌላው ሰው ከግሸን ጠበልና እምነት ይዞ ይመለሳል። እሳቸው ያቺንና ሌላ አንድ፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰባቸው አልተቀበለውም። ቤት ንብረታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። «የአፍሪካዋ ማዘር ተሬዛ» ሲሏቸው አይዋጥልኝም፤ የራሳቸው ስም አላቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ምስክር ከተፈለገ ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ልጅ ወልደው በመካከላችን አሉ።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ያን ዕለት እኛ አዳራሽ ውስጥ ስንጨቃጨቅ፣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስንገባም ስንወጣም እጇን ዘረጋች። «እግዜር ይስጥሽ» እያልን አለፍናት። እኔም ብዬ አልፌያለሁ። እግዚአብሔርማ የሚሰጣትን በእኛ ኪስ አስቀምጦላት ነበር። ቅዱስ ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ስለሚሉ ሰዎች የጻፈው እኮ ስለ እኛ ነው! በሞቱ ሰዎች ደግነት ተጣልተን፣ ድምፃችን ጎርንኖ፣ በሕይወት ያለችውን ረግጠን ወጣን። ወገኖቼ፣ ያን ቀን ጴጥሮስ ወደ እኛ ቤት ቢመጣ የትኛዋ መበለት ምን ልብስ ታሳየው ነበር?

ልጆቼ፣ አልተቆጣሁም፤ አብሬያችሁ ነበርኩ። የፊታችን እሑድ ትንሽ ቀደም ብለን እንምጣና እሷ ጋ እንቁም። ስሟን እንጠይቃት። ማታ የት ነው የሚያድሩት? ክረምቱ ገብቷል። ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ ሳስቷል፤ እግሩ በቀዳዳው ወጥቶ አይቼዋለሁ።