«ደም ብዛት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ በሬዲዮ «ደም ብዛት የሚይዘው ሥጋና ቅቤ እያዘወተረ ደሙ የበዛበትን ሰው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የሰው የደም ግፊት ስለካ የኖርኩ የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም፤ ስያሜውን ቃል በቃል ወስደው በዋግምት ደም ካስወጡ በኋላ «ቀለለኝ» ብለው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች ገጥመውኛልና።

የሚበዛው ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ጓሮ የሚያጠጣ ሰው የጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ሳይጨምር ጎማው ይወጠራል። እንዲህ ተወጥሮ ዓመታት የቆየ ጎማ አንዱ ሳስቶ ይፈነዳል፤ ሌላው ውስጡ እየሻከረና ዝቃጭ እየያዘ ይደፈናል። ስትሮክም በእነዚሁ በሁለቱ መንገዶች ይመጣል፤ የአንጎል ደም ሥር ይፈነዳል ወይም ይደፈናል። ጎማው ሲሳሳ ድምፅ የለውም፤ «ሲነሳብኝ ራስ ምታቱ ይነግረኛል» የሚለው አባባል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት በርኖሳቸውን እንደደረቡ፣ ከዳገቱ ትንፋሽ ሳይመልሱ ገቡ። እጃቸውን ከእጅጌው አውጥተው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ሳያወሩ 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ስለካቸው 176 በ104 ሆነ። «ልጄ፣ ምንም አያመኝም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። (ድንገተኛ አደጋ ከሌለ በቀር በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ታማሚ ነህ አይባልም፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብርድና ከልኬቱ በፊት የተጠጣ ቡናም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።)

ለተናጋሪው የሚሆን ጥቂት እውነት ግን አለ። ጨው ውሃን በሰውነት ውስጥ ስለሚያቆይ በደም ሥር ያለውን ፈሳሽ ይጨምራል፤ ይህን የማስወገዱ ሥራ ደግሞ የኩላሊት ነው እንጂ የዋግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው። በእኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ላይ እንደገና ይጨመራል፤ አንዳንድ ቤት ቡናውም በጨው ነው። ስለዚህ ሥጋ የማይቀምሰው ጿሚም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። አረቄ ማብዛት፣ የሰውነት ክብደት መብዛትና የእንቅስቃሴ ማነስም ግፊትን ይጨምራሉ፤ ሲጋራ ደግሞ የደም ሥሩን ግድግዳ ራሱን ይጎዳል። በጾም ምክንያት ክኒን ማቋረጥ አይገባም፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማመቻቸት ይቻላል።

ሌላም የተሳሳተ ስያሜ አለ። የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ አንድ ክንዱ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ፊት ብቻ የሚጣመምበት ሌላ ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ ያንን ከስትሮክ መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው። ደም ሥር የደፈነውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው፤ ዳማከሴ ሲታሽ የሚያልፈው ጊዜ የሚቀነሰው ከዚሁ ሰዓት ላይ ነው።