አርጃኖ፦ የጣና ዳር ዋናተኛ

አርጃኖ በጣና ሐይቅ ዳር፣ በደንገሉ መካከልና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የሚኖር ትልቅ እንሽላሊት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ የተነሣ እንግዳ ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ውኃ ሲገባ ካየው «አዞ!» ብሎ ይጮኻል። አርጃኖ ግን የአዞ ግልገል አይደለም። በዝምድና የሚቀርበው ለእባብ ነው፤ በሕይወት ካሉት እንስሳት የአዞ የቅርብ ዘመዶች ደግሞ ወፎች ናቸው።

የሚለየው በምላሱ ነው። የአዞ ምላስ ከአፉ ወለል ጋር ስለተጣበቀ ወደ ውጭ አይወጣም። የአርጃኖ ግን ረጅምና ጫፉ እንደ እባብ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ በእሱ ሽታን ከአየር ለቅሞ ምግቡን ይከታተላል። ሙሉ ያደገው ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይረዝማል፤ ከግማሽ በላዩ ጅራት ነው። ጅራቱ ከጎንና ከጎን የተጫነ በመሆኑ በውኃ ውስጥ መቅዘፊያ፣ በየብስ ላይ አለንጋ ይሆነዋል። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ሸርጣን፣ የወፍ እንቁላል ይበላል፤ ጥንብም አይንቅም። ወጣት ሳለ ስለታም የነበሩት ጥርሶቹ ሲያረጅ ይደንዛሉ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለመስበር የሚያመቹትም ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አወላለዱ ነው። ሴቷ ዝናብ ያለሰለሰውን ኩይሳ ቆፍራ ከ12 እስከ 60 እንቁላል ትጥልና ትታው ትሄዳለች። ቀዳዳውን የሚደፍኑት ምስጦቹ ራሳቸው ናቸው! ቤታቸውን ሲጠግኑ የባዕድ እንቁላል ከጠላት ይሸሽጋሉ፤ የኩይሳው ሙቀትና እርጥበትም ሳይዋዥቅ ያቆየዋል። ከወራት በኋላ፣ ዝናቡ አፈሩን መልሶ ሲያለሰልሰው፣ በጥቁር ገላቸው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባቸው ግልገሎች ፈልፍለው ይወጣሉ። የራሱን እንቁላል እንዲህ የሚያስጠብቀው አርጃኖ የአዞን እንቁላል ቆፍሮ በመብላት የታወቀ ነው። እናት አዞ ለሦስት ወር ያህል ከጎጆዋ አጠገብ የማትርቀው በዋናነት እሱን ፈርታ ነው።

ሰው ሲያይ ይሸሻል። መውጫ ካጣ ግን ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ በጅራቱም ይገርፋል፤ ስለዚህ ልጆች በድንጋይ ባያሳድዱት ለእነሱም ለእሱም ይበጃል። ትልቁ ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ረግረጉ ለእርሻ ሲጠነፈፍና ደንገሉ ሲመነጠር መሸሸጊያውንም አደኑንም አንድ ላይ ያጣል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም የደንገሉ መመናመን አልቆመም።

እሱን ለማየት ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል መሄድ ይሻላል። የገላው ሙቀት ከውጭ ስለሚመጣ ውኃ ከመግባቱ በፊት በድንጋይ ወይም ውኃው ላይ ባዘነበለ ግንድ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል። ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ከቀረበ፣ ምላሱን ብቅ ጥልቅ ሲያደርግ ሳይቀር ይታያል።